ሁለተኛው ብልቃጥ

«እማ፣ አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

እናትየው የሻዩን ፔርሙስ ክዳን እያጠበቀች ነበር። ጥያቄውን ሰማች፤ እጇ ግን ማጥበቁን አልተወም። ክዳኑ ከዚህ በላይ አልዞር ብሎ እሷ ታዞረዋለች። ሳሎን ውስጥ ሃያ የሚሆን ለቀስተኛ ሻይ ይጠብቃል። ባሏ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው።

ከማቀዝቀዣው ፊት ቁጢጥ ያለችው የባሏ ታላቅ እህት ናት። ለቀብሩ ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ያገለገለች ነርስ ነች። ወተት ላውጣ ብላ ማቀዝቀዣውን ስትከፍት ነው የወንድሟን የስኳር መድኃኒት ያየችው። አሁን በአንድ እጇ ትንሿን ብልቃጥ፣ በሌላው የክሊኒክ ካርዱን ይዛለች።

«ጠዋት አርባ፣ ማታ ሃያ ይወጋ ነው የሚለው» ብላ ነበር ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ ለማቀዝቀዣው የምትናገር ይመስል። «በወር ሁለት ብልቃጥ ይሰጠዋል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ወስዷል፤ ማህተሙ ይኸው። ታዲያ ሁለተኛው የት ገባ?»

የመለሰችላት ልጅቷ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

«ለረጅሙ፣ ለአባዬ የሥራ ጓደኛ ነው የሚሄደው። በየወሩ እኔ ነኝ የማደርሰው። አባዬ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልለውና ምሳ ዕቃ ውስጥ ከቶ ይሰጠኛል። ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኛል። ለእማም ቢሆን።»

«ስንት ወር?»

«ስምንት።»

አክስትየዋ ብልቃጡን መልሳ አስቀመጠችው። «ስምንት ወር ሙሉ በግማሽ!» አለች። «እኔ ደግሞ በሽታው እንዴት እንዲህ በአንዴ ጨረሰው እያልኩ እግዜርን ስወቅስ ነው የከረምኩት። ስምንት ወር መቆየቱም ተአምር ነው።»

ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ወደ እናቷ ዞራ የጠየቀቻት።

«አይደለሽም» የሚለው ቃል እናትየው አፍ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ከቃሉ ኋላ «ታዲያ ማነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ቆሞ ታያት። ቃሉን ዋጠችው።

«ሻዩ ይቀዘቅዛል» አለችና ፔርሙሱን ይዛ ወጣች።

ባሏን ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ቀስ በል» በሚል ቅጽል ስም ነው። መስታወት ቤት ነበር የሚሠራው፤ የመስኮትና የሱቅ መስታወት ቆርጦ፣ ተሸክሞ፣ ገጥሞ ይመለሳል። ትልቅ መስታወት ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ፊት የሚሄደው ቁመቱ የበር ጉበን የሚነካው የሥራ ጓደኛው ነበር፤ ስሙን ትተው «ረጅሙ» ይሉታል። ከኋላ ሆኖ «ቀስ በል! ኧረ እባክህ ቀስ በል! ይሄ ሰውዬ እግዜርን አይፈራም እንዴ፣ ቀስ በል!» እያለ የሚጮኸው ባሏ ነው። ሰፈርተኛው መስታወቱን ከማየቱ በፊት ጩኸቱን ሰምቶ ከመንገዱ ዘወር ይላል።

መስታወት ቤት አንድ ደንብ አለ። ጥንድ ሆነው የሚሸከሙ ሰዎች ምሳቸውን እኩል ይካፈላሉ። አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ቀድሞ ያነሳል። ዳቦም ይሁን ብርቱካን ያው ነው። የራበው ሰው እጁ ይደክማል፤ እጁ የደከመ ጫፉን ይለቃል፤ አንዱ ጫፉን ከለቀቀ መስታወቱ ሁለቱንም ይቆርጣል። ባሏ ይህን ደንብ ሲያወራ ፊቱ ይበራ ነበር።

«ካንቺ ጋር የተጋባሁት በቤተ ክርስቲያን ነው» ይላት ነበር። «ከረጅሙ ጋር ደግሞ በመስታወት።»

«እንግዲያው ካልሲህን እሱ ይጠብልህ» ትለዋለች።

ባለፈው ዓመት ረጅሙንም ስኳር ያዘው። ክሊኒኩ መድኃኒት እያነሰው አዲስ በሽተኛ መመዝገብ አቁሟል። መዝገቡ ላይ የሰፈሩት መቶ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ካልወጣ አንድ አይገባም። ረጅሙ ሦስት ልጆች አሉት፣ ትንሿ ገና በዳዴ ነች። እናትየው ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። «አይ ምስኪን፣ እግዚአብሔር ይሁነው» ብላ ካውያዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ነበር፤ ልብስ ንጽህና መስጫ አንሶላ ነው የምትተኩሰው።

ባሏ ግን «እግዚአብሔር ይሁነው» ብሎ አላለፈም። ሁለት ሰው፣ ሁለት ብልቃጥ። እንደ ዳቦው አካፈለው። የመድኃኒት ግማሽ ሰውን በግማሽ እንደማያድን፣ ግማሽ መንገድ አድርሶ እንደሚጥል፣ ከመስታወት ተሸካሚ በቀር ይህን ማን ይስታል? ወይስ አውቆት ነው? ከሁሉ የሚያቃጥላት ይሄ ነበር። ተሳስቶ ይሁን አውቆ፣ የሚነግራት ሰው አፈር ውስጥ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰባኪው መጣ። ጉንፋን ይዞት መሐረቡን ከእጁ አላወጣም። እስኪጀምር ሰዉ ስለ ሟቹ ያንሾካሹካል።

«የኔን መስኮት ሲገጥም ጣቱን ቆረጠ» አለች አንዲት ጎረቤት። «ጣቱን ትቶ መስታወቱን ይጠርጋል። ደሜ እንዳያበላሽብሽ ይለኛል።»

«ገነት በር ላይም» አለ አንድ የመስታወት ቤት ሠራተኛ፣ «መላእክቱን ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ እያለ አስጨንቋቸዋል ዛሬ።»

ሰዉ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። እናትየውም ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር።

ሰባኪው ስለ ፍቅር ተናገረ። «የክርስቲያን ኑሮ መሠረቱ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ለእኔ ሳይሉ መውደድ ነው» አለ። «ሕጉ ሁሉ ቢረሳን፣ ትእዛዙ ሁሉ ቢጠፋብን፣ ይህ ፍቅር ብቻውን ሊሸከመን ይችላል። ወንድማችን እንዲህ ነበር። አንድ ቀን ለእኔ ብሎ አያውቅም።»

ሰባኪው ስለ ብልቃጡ አያውቅም። ክፉ ያሰበም አልነበረም። ግን «ሊሸከመን» ያላት ቃል እናትየውን እንደ መስታወት ስባሪ ወጋቻት።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

ሐዘንተኛ እንዲህ አይጠይቅም።

«ጠይቂ፣ እህቴ።»

«ሰው የራሱን ይስጥ፣ እሺ። የሌላ ሰው የሆነውንስ?»

«የሌላ ሰው ማለት?»

«ለምሳሌ የልጄን አባት። የሱ ነበር ወይስ የልጄ?»

ከኋላ አንዱ «ሐዘኑ ነው፣ ተዉዋት» አለ። ሰባኪው ግን አልተዋትም። ጸሎቱን አሳጥሮ ሲጨርስ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። እሷም ሁሉንም ነገረችው፤ ብልቃጡን፣ ምሳ ዕቃውን፣ ስምንቱን ወር።

ሰባኪው አፍንጫውን ጠረገና፣ «ስብከቱን ሳዘጋጅ አንድ ነገር ዘልዬ ነው የመጣሁት» አለ። «ጌታ ባልንጀራን ውደድ ሲል መስፈሪያው ራስህ ነህ ብሏል። ራሱን የጣለ ሰው ሌላውን በምን ይሰፍራል? ይህን ጽፌው ነበር። ለሐዘን ቤት አይመችም ብዬ ሰረዝኩት።»

«ታዲያ ኃጢአት ነው የሠራው?»

«አላልኩም።»

«ጽድቅ ነው?»

ሰባኪው መሐረቡን አጠፈ። «ጌታም ራሱን ሰጥቷል» አለ በመጨረሻ። «ግን በጠራራ ፀሐይ ነው የሰጠው። እናቱ እያየችው። ለማንም አልዋሸም።»

«የኔው ግን ዋሽቶኛል» አለች።

እንዲህ ነበር የዋሻት። ባለፈው ዓመት፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ፣ ከሥራ በኋላ ፊደል መማር ጀምራ ነበር። መጀመሪያ የዳቦ ቤቱን ጽሑፍ አነበበች፤ ቀጥሎ የአውቶቡስ ቁጥር፤ ቀጥሎ ማቀዝቀዣው ላይ የሚቀመጠውን የክሊኒክ ካርድ። አንድ ጠዋት ባሏ ሊወጋ መርፌውን ሲሞላ ከጎኑ ቆማ መስመሮቹን ቆጠረች።

«ሃያ እኮ ነው የሞላኸው። ካርዱ አርባ ነው የሚለው።»

ባሏ ሳቀ፤ ግንባሯን ሳማት። «ገና ትናንት ፊደል ቆጥረሽ ዛሬ ሐኪም ሆንሽ? የመርፌ መስመር በእጥፍ ነው የሚነበበው። አንቺም ቀስ በይ እንጂ!»

እሷም አብራው ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን የአውቶቡሱን ቁጥር አንብባ እንኳ አጠገቧ የቆመውን ሰው መጠየቅ ጀመረች። ደግሞ ተሳስቼ ይሆናል እያለች። ሰው ለማዳን ብሎ ገና የተከፈተውን ዓይኗን መልሶ ጨፈነባት።

ለሰባኪው የነገረችው እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም አልነገረችም።

ያን ሌሊት ልጅቷ አልተኛችም። ጠዋት ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቶ፣ ሰው ሲያናግራት «አቤት» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም። እናትየው ትኩር ብላ ታያታለች፤ አየቻት ማለት ግን መልስ ሰጠቻት ማለት አይደለም። አክስትየዋ እናትየውን ለብቻዋ ጠራቻት።

«ይቺ ልጅ እዚህ ቤት ውስጥ ትበላሻለች። እኔ ዘንድ ትምጣ። ትምህርት ቤቱም ቅርብ ነው።»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ እትዬ።»

«ምን እስኪሆን?»

እናትየው የተከመረውን የሻይ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

ረጅሙ የመጣው በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። በቀብሩ ዕለት ሬሳ ሳጥኑን በፊት በኩል ተሸክሞ ነበር፤ ከኋላው ቀስ በል የሚለው ሰው ስላልነበረ እርምጃው ጠፍቶበት ሁለቴ ተደናቅፏል። ከዚያ ወዲህ ማንም አላየውም። ጎንበስ ብሎ በሩን አልፎ፣ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ አገጩ ዘንድ ደረሰ።

«ውሃ ብታቀምሱኝ» አለ።

ጠጣ። ደግሞ ጠየቀ። ሦስተኛውን ብርጭቆ ሲጨርስ አክስትየዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ከተወጋህ ስንት ቀንህ ነው?»

«ሁለት።»

«አልቆብህ ነው?»

«አላለቀም፣ አለኝ። እጄ እምቢ አለኝ።» ቀና ብሎ እናትየውን አየ። «ከቀብሩ ማግስት ክሊኒክ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሐኪሙ ቀንሶልኛል፣ ይተርፈኛል ነበር የሚለኝ። ማንም አልቀነሰለትም።»

«አንተስ አመንከው?» አለች እናትየው።

ረጅሙ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ማመን ፈለግኩ። ሦስት ልጅ አለኝ። እየከሳ ሲሄድ አይቻለሁ። መስታወት ስንሸከም ከኋላ ያለው ሰው ሲዝል ዞረህ ባታይም በእጅህ ይሰማሃል። ተሰምቶኛል። አልጠየቅኩትም።»

አክስትየዋ ግን የክሊኒክን አሠራር ታውቃለች። «ሌላም የነገሩህ ነገር አለ» አለች። «ከመቶው አንድ ሰው ወጥቷል። ቤተሰቡ ካርዱን ከመለሰ ቦታው ያንተ ነው። ለሱ ነው የመጣኸው።»

ረጅሙ ብርጭቆውን መሬት አስቀምጦ አንገቱን ደፋ።

ሳሎኑ ተንጫጫ። «አፈሩ ሳይደርቅ!» አለች አንዷ። «ኧረ ይሉኝታ እንኳ!» አለ ሌላው። ረጅሙ ተነሳ፤ ጭንቅላቱ ጉበኑን መታው፤ ማንም አልሳቀም። «እውነታችሁን ነው» አለ። «አልወስድም። ልቅሶ ደርሼ ልሄድ ነበር።»

«ያደረስኩለት እኔ ነኝ!»

ሁሉም ዞረ። ልጅቷ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። «እሱን አትስደቡት። መድኃኒቱን ከአባዬ ወስጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስምንት ጊዜ።»

እናትየው ያን ጊዜ ሁለት መንገድ ታያት። ልጇን አቅፋ «ቀኑ ደርሶ ነው፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ልትላት ትችላለች። ሰዉ ሁሉ አሜን ይላል፤ ልጅቷም እናቷ እቅፍ ውስጥ ትቀራለች፣ ያንን ድንጋይ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማ። ባሏ ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር፤ ስለሚወዳት ይዋሻት ነበር።

«አንቺ አይደለሽም» አለች። «አንቺ የተላክሽ ልጅ ነሽ። ምሳ ዕቃው ውስጥ ያለውን የለካሽው አንቺ አይደለሽም። እኔ ግን አንብቤው ነበር።»

«ምኑን?»

«መርፌውን። ሃያ ነበር። ስጠይቀው ተሳስተሻል አለኝ፣ አመንኩት። ከወር በኋላ ግን ደግሜ አየሁ። እሱ ፊቱን ሲታጠብ መርፌውን አንስቼ መስመሩን አንድ በአንድ በጣቴ ቆጠርኩ። ሃያ ነው። አልተሳሳትኩም ነበር። ቀበቶው ሰፍቶት በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳለት እኔ ነኝ ቀበቶውን የያዝኩለት። ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።»

«ለምን?»

«ፈርቼ። እውነቱን ከነገረኝ ተው ማለት አለብኝ። ተው ካልኩት የሰውዬውን ልጆች አባት ያሳጣሁ እኔ ልሆን ነው። ዝም ካልኩ ደግ ሚስት እንደሆንኩ እቀራለሁ። ደግ መባል ፈለግኩ፣ ልጄ። ዝም አልኩ።»

ልጅቷ ትከሻዋ ወረደ፤ ከትናንት ጀምሮ ጆሮዋ ድረስ ተሰቅሎ የነበረው ትከሻዋ። እናትየው አየችው። ከዚያ የልጅቷ ዓይን ተነሳና እናቷ ላይ አረፈ፤ በዚያ ዓይን ውስጥ ትናንት ያልነበረ ነገር ነበር።

«ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር» አለች ልጅቷ። «ከትናንት ጀምሮ እያየሽኝ።»

«አውቅ ነበር።»

እናትየው ወጥ ቤት ገብታ ካርዱን አመጣችና ሰው ሁሉ ፊት ለረጅሙ ዘረጋችለት።

«እንካ። በምሳ ዕቃ ውስጥ አይደለም የምሰጥህ። ይኸው ሁሉም እያየ ነው። ነገ ክሊኒኩ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ይቅር፣ እህቴ...»

«ወድጄህ አይመስልህ። ዛሬ ዓይንህን ማየት አልችልም። ልጆችህ አባት ይኑራቸው። ሐኪሙ ያዘዘልህን ሙሉውን ተወጋ። ለማንም አንዲት ጠብታ ብታካፍል ግን አልምርህም።»

ረጅሙ ካርዱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ወደ በሩ ሊዞር ሲል ዱካዋ ላይ ወደቀ።

«ወይ መከራዬ!» አለች አክስትየዋ። እጅጌዋን ሰበሰበች። «ብልቃጡን ከማቀዝቀዣው አምጡልኝ። መርፌውንም። እጄን ልታጠብ። እዚህ ደግሞ ሁለተኛ ሬሳ ልታወጡ ነው? ክንድህን አምጣ፣ አንተ ቀውላላ! ወንድሜን የጨረስከው አንሶ... አትንቀሳቀስ አልኩህ!» እየተራገመች፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሠላሳ ዓመት ባልሳተው እጇ ለክታ ወጋችው።

አክስትየዋ ለዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ልጅቷ አጠገቧ ቆመች። «አክስቴ፣ አብሬሽ ልሂድ?» አለች። ስትጠይቅ እናቷን አላየችም።

እናትየው ልብሷን ራሷ አጣጠፈችላት። የአንሶላ ተኳሽ እጅ ነውና አንዲት መታጠፊያ አልተዛነፈችም። አክስትየዋ በሩ ላይ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ዋሽተሽ ብታባብያት ኖሮ አትሄድብሽም ነበር።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ታዲያ?»

«እዚያ ትተኛለች።»

ልጅቷ ከኋላቸው መጣች። ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። እናትየው በቀብሩ ጠዋት ሹራቧን ስትለብስ ቁልፉን አዛንፋ ቆልፋው፣ ሦስት ቀን ሙሉ እንደተዛነፈ ነበር። ልጅቷ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ፊቷን ቀና ሳታደርግ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ፈታቻቸው፤ ከታች ጀምራ ደግሞ በየቀዳዳቸው አስገባቻቸው። የመጨረሻውን አንገቷ ሥር ቆለፈችውና ቦርሳዋን አነሳች።

ማምሻው ላይ ለቀስተኛው እየተሰናበተ ወጣ። አክስትየዋ ሄዳለች፣ ልጅቷም አብራት ሄዳለች። ረጅሙ ብቻ የነገውን ክሊኒክ እየጠበቀ ዱካዋ ላይ ቀረ።